«ጊዜው ስለተጣበበ ሁለት ጥያቄ ብቻ» እና ሌሎች የፐብሊክ ሌክቸር ስሕተቶች

ፐብሊክ ሌክቸር፣ ማለትም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር፣ ሊሰማ በሂውማኒቲስ (የቋንቋ፣ የታሪክ፣ የፍልስፍናና የመሳሰሉት ትምህርቶች) ፋኩልቲ አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ዐረፍተ ነገር ያውቀዋል። ተናጋሪው ጨርሷል፣ እጆች ተነሥተዋል፣ አወያዩ ሰዓቱን አየት አድርጎ «ጊዜው ስለተጣበበ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንቀበል» ይላል። ሁሉም እንደ ተፈጥሮ አደጋ ይቀበለዋል። ጊዜው ግን በራሱ አልተጠበበም፤ ከሳምንታት በፊት መርሐ ግብሩ ሲወጣ ነው የተበላው። ይህን ከሚያመጡት የተሳሳቱ እምነቶች ትንንሾቹን ቶሎ እንለፋቸው።

«ድምፄ ይሰማል፣ ማይክ አያስፈልገኝም።» ያስፈልጋል። ከኋላ የተቀመጠውና መስማት የሚያዳግተው ሰው «አልሰማሁም» ብሎ አይነሣም፤ ዝም ብሎ ይወጣል። ቀረጻውም ሆነ ለመስሚያ መርጃ መሣሪያ የተዘረጋው መስመር የሚያገኙት በማይክ የገባውን ድምፅ ብቻ ነው።

«ትልቁ አዳራሽ ለእንግዳው ክብር ነው።» 60 ሰው በ300 ወንበር መካከል ሲበተን ተናጋሪውም ታዳሚውም ይቀዘቅዛሉ። ያው 60 ሰው 80 ወንበር ባለው ክፍል ውስጥ ሙሉ ጉባኤ ነው። ትልቁ አዳራሽ ግድ ከሆነ የኋላ ረድፎችን በገመድ ዝጉ፤ በሩ ላይ የሚቆመው አስተናጋጅም ሰዉን ወደ ፊት ያስቀምጥ።

«ስላይዱን በፍላሽ አመጣዋለሁ።» የአዳራሹ ኮምፒውተር የግእዝ ፊደል ፎንት ከሌለው ግጥሙ በሙሉ ባዶ ካሬ ሆኖ ይወጣል። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ የታቀፈበት ፒዲኤፍ ከአንድ ቀን በፊት ላኩ፤ የፊደል መጠኑ ከ24 ነጥብ ያነሰ ጽሑፍም አታስገቡ።

«ዛሬ ሂውማኒቲስ ማን ይሰማል?» ሕዝቡ ይሰማል፣ ከጥንትም ይሰማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1530 የተመሠረተው የፓሪሱ ኮሌዥ ደ ፍራንስ ያለ ክፍያና ያለ ምዝገባ ለማንም ክፍት ነው፤ ዲፕሎማም አይሰጥም። ለንደን ያለው ግሬሻም ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1597 ጀምሮ ነጻ ሌክቸር ሲሰጥ ኖሯል። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ፈረንሳዊው ፈላስፋ አንሪ ቤርግሶን በኮሌዥ ደ ፍራንስ ስለ ጊዜና ትዝታ ፍልስፍና ሲናገር ሰው ከአዳራሹ ሞልቶ ይተርፍ ነበር። አዳራሹ ባዶ ከሆነ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ፖስተሩ ነው። ቀኑ ከነዕለቱ ሰፍሯል? ዕለቱና ቀኑስ ይገጥማሉ? ሕንፃው፣ ፎቁና መግቢያው በር ተጽፈዋል? «ለሁሉም ክፍት፣ በነጻ» የሚል አለበት? ንግግሩ በምን ቋንቋ እንደሆነ ተገልጿል? ከግቢ ውጭ ያለ ሰው «ለሁሉም ክፍት» የሚለውን ካላየ ዝግጅቱ የተማሪዎች ብቻ ነው ብሎ ይቀራል። ርዕሱም ከጥናታዊ ጽሑፉ እንዳለ ከተገለበጠ፣ ሁለት ነጥብ (:) እና ሦስት የሙያ ቃል ተሸክሞ፣ ከዚያው የትምህርት ክፍል ውጭ ማንንም አይጠራም።

«ጽሑፉ ስላለኝ ንግግሩ ዝግጁ ነው።» ይህ ከባድ ስሕተት ነው። ለመጽሔት የተጻፈ 25 ገጽ ከአንድ ሰዓት በላይ ይነበባል፤ ተናጋሪው ይህን የሚያውቀው 30ኛው ደቂቃ ላይ ገና 11ኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ነው። ከዚያ በኋላ ገጽ መዝለል ይጀምራል፣ የሚዘለለውም ብዙውን ጊዜ ማስረጃው ነው። አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል፤ አድማጭ ግን ያመለጠውን አያገኘውም። ለ40 ደቂቃ የሚበቃው አንድ ጥያቄና ሦስት ማስረጃ ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ጥያቄው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ በግልጽ ይነገር፤ ከየማስረጃው በኋላም ተመልሶ ይነሣ። የሚጠቀሱ ግጥሞችና የጥንት ጽሑፎች በአንድ ገጽ ታትመው ይታደሉ፤ ታዳሚው ዐይኑ መስመሩ ላይ እያለ ትንታኔውን ይከተላል። ከዚያም ድምፅ አውጥቶ በሰዓት መለማመድ ነው። በልብ የተነበበ ጽሑፍ ሁልጊዜ ከመድረኩ ያጥራል፣ አያስተማምንም።

አሁን ወደ ዋናው።

«ጥያቄና መልስ ከንግግሩ የተረፈው ጊዜ ነው።» አይደለም። ሰው ከቤቱ ወጥቶ የሚመጣበት ምክንያት እሱ ነው። ንግግሩን በቀረጻ ማየት ይችላል፣ ጽሑፉንም ማንበብ ይችላል። የማይችለው ነገር ቢኖር «ይህ ማስረጃ ከዚያኛው ጋር እንዴት ይታረቃል?» ብሎ የጽሑፉን ባለቤት ፊት ለፊት መጠየቅ ነው። በሂውማኒቲስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የአንድ ጽሑፍ ወይም የአንድ ታሪካዊ ሰነድ ትርጓሜ የሚፈተነው በክርክር ነውና።

ጊዜው የት እንደሚሄድ እስቲ እንደምረው። የ90 ደቂቃ መርሐ ግብር 15 ደቂቃ ዘግይቶ ይጀምራል። የመክፈቻ ንግግር የሚያደርጉ ሦስት ኃላፊዎች አምስት አምስት ደቂቃ ሲወስዱ ሌላ 15 ይሆናል። የእንግዳው የሕይወት ታሪክ ከነኅትመቶቹ ዝርዝር ሲነበብ 8 ደቂቃ። 40 የተባለው ንግግር 55 ይፈጃል። ድምሩ 93 ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች እንኳ የተገኙት ከጽዳት ሠራተኞቹ ጊዜ ተሰርቆ ነው።

የሚሠራው አከፋፈል ይህ ነው፦ አንድ የመክፈቻ ንግግር 3 ደቂቃ፣ እንግዳውን ማስተዋወቅ 2፣ ንግግር 40፣ ጥያቄና መልስ 35፣ መጠባበቂያ 10። የእንግዳው ሙሉ ታሪክ በታደለው ወረቀት ጀርባ ይታተም፤ አወያዩ የሚናገረው ይህ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ለምን መደመጥ እንዳለበት ብቻ ነው። ተናጋሪው ፊት የተቀመጠ ረዳት 10፣ 5 እና 1 ደቂቃ የሚሉ ካርዶችን ያሳይ። ይህን ለእንግዳው አስቀድማችሁ ንገሩት። ሳይነገረው ካርድ ያየ ሰው ይደነግጣል ወይም ይቀየማል። ንግግሩ ከተመደበለት ጊዜ ካለፈ የሚቀነሰው ከመጠባበቂያው እንጂ ከጥያቄው አይሁን።

ጥያቄ መሰብሰብ ጊዜ ይቆጥባል የሚለውም እምነት መጣል አለበት። አራት ጥያቄ በአንድ ላይ የተቀበለ ተናጋሪ ቀላሉን በሰፊው ይመልሳል፣ ከባዱን ይረሳዋል፤ ጠያቂውም ተመልሶ ሊሞግት አይችልም። አንድ በአንድ ተቀበሉ። ለጥያቄው 1 ደቂቃ፣ ለመልሱ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ቢሰጥ በ35 ደቂቃ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ጥያቄ ይስተናገዳል።

ተዘዋዋሪው ማይክ ከረዳቱ እጅ አይውጣ። ጠያቂው ማይኩን ከጨበጠ ጥያቄው ሁለተኛ ሌክቸር ይሆናል፣ ማንም አያስቆመውም። አወያዩም «ጥያቄዎን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጡልን» ለማለት አይፈር። ለተናጋሪው ጭብጨባ እንደተጠናቀቀ ታዳሚው አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ሁለት ደቂቃ እንዲነጋገር መፍቀድ ጠቃሚ ነው፤ ሐሳቡን አንድ ጊዜ በቃል የሞከረ ሰው እጁን ለማንሣት ይደፍራል።

የመጀመሪያውን ዕድል ለአንጋፋው ፕሮፌሰር መስጠት አክብሮት ይመስላል፤ የአዳራሹን ግማሽ ግን ዝም ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በ10 አገሮች 247 ሴሚናሮችን ተመልክቶ ነበር። ሴቶች ከቁጥራቸው አንጻር የሚጠይቁት ከወንዶች እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የመጀመሪያው ጠያቂ ወንድ ሲሆን ልዩነቱ ይሰፋ ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ወጣት ተማሪ፣ በተለይም ሴት ተማሪ፣ ወይም ከግቢ ውጭ የመጣ እንግዳ ምረጡ። ፕሮፌሰሩ አራተኛ ሆነው ቢጠይቁ ምንም አይጎድላቸውም። በሕዝብ ፊት መናገር ለማይሆንላቸው ደግሞ ትንንሽ ወረቀት ታድሎ ይሰብሰብ፤ አወያዩ ከመካከሉ ሁለቱን መርጦ ያንብብ።

የባህል ዝግጅቶችንም የሚያበላሹ ሁለት እምነቶች አሉ። አንዱ ሙዚቃው ወይም ግጥሙ የንግግሮች ማዳመቂያ ነው የሚለው ነው። እንዲህ ሲታሰብ ባለሙያው ድምፅ ሳይሞክር መድረክ ላይ ይወጣል። የክር መሣሪያ በመድረክ መብራት ሙቀት ቅኝቱን ስለሚለቅ መሣሪያው አስቀድሞ አዳራሹ ውስጥ ቆይቶ ሙቀቱን መልመድ አለበት፤ የድምፅ ሙከራውም ታዳሚው ከመግባቱ አንድ ሰዓት በፊት ይጠናቀቅ። ለግጥም ንባብ አምስት ገጣሚ፣ ለእያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ ይበቃል። ዐሥራ ሁለት ገጣሚ ከጠራችሁ የመጨረሻዎቹ ለባዶ ወንበር ያነባሉ። የጥንት ብራና ወይም ወረቀት በዐውደ ርዕይ የሚቀርብ ከሆነ መብራቱ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) እንዳያልፍ በመለኪያ አረጋግጡ፤ ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም አይመለስም።

ሁለተኛው «ለትምህርት ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልግም» የሚለው ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለክፍል ማስተማሪያ የተፈቀደው ለሕዝብ ዝግጅት አይሠራም። የፊልም ዲስክ መግዛት ለሕዝብ የማሳየት መብትን አያስገኝም። የሕዝብ ዘፈን ራሱ ባለቤት ባይኖረው እንኳ ቅንብሩና የተቀዳው ድምፅ ባለመብት ሊኖራቸው ይችላል። የደራሲያንን መብት በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት መሠረት የደራሲ መብት ቢያንስ ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። ለተናጋሪውና ለአቅራቢዎቹ ከዝግጅቱ በፊት አጭር የፈቃድ ወረቀት አስፈርሙ፦ ይቀረጻል ወይ፣ የት ይለጠፋል፣ እስከ መቼ፣ ማን ቆርጦ ሊጠቀምበት ይችላል። ከዝግጅቱ በኋላ ፊርማ ፍለጋ መሄድ ቪዲዮውን ለወራት መደርደሪያ ላይ ያስቀረዋል።