«ማርገብ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ አንድ የድንበር ፍጥጫ ሲያስረዱ፣ ሁለቱ ወገኖች ጦራቸውን ጥቂት ወደ ኋላ በመሳባቸው ጉዳዩ እንደረገበ፣ ስለረገበም እልባት እንዳገኘ ነገሩን። «ማርገብ»ን ከ«መፍታት» ጋር ሲያምታቱ የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር።

የሚረግበው የተወጠረ ነገር ነው፤ «ውጥረት» እና «ማርገብ» አብረው የሚሄዱትም ለዚህ ነው። ሁለት ሰዎች አንድን ገመድ ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲጎትቱ ገመዱ ይወጠራል። ሁለቱም አንድ አንድ እርምጃ ቢጠጉ ይረግባል፤ ነገር ግን ጫፎቹ አሁንም በእጃቸው ናቸው፣ መካከሉ ላይ ያለው ቋጠሮም አልተነካም። ማርገብ የሚጠቅመው ቋጠሮውን ስለሚፈታ ሳይሆን፣ በተወጠረ ገመድ ላይ ያለ ቋጠሮ ጥፍር ስለማያስገባ ነው።

በዚህ ምሳሌ የቀደሙኝ አሉ። የኩባው የሚሳይል ቀውስ በተጋጋለበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1962፣ የሶቪየት ኅብረት መሪ ኒኪታ ክሩሽቼቭ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በጻፉት ደብዳቤ፣ ሁለቱም የገመዱን ጫፍ በጎተቱ ቁጥር የጦርነቱ ቋጠሮ እየጠበቀ እንደሚሄድ፣ በመጨረሻም ያሰረው ሰው ራሱ ሊፈታው አቅቶት መቁረጥ ግድ እንደሚሆን አስጠንቅቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ሶቪየት ኅብረት ሚሳይሎቿን ከኩባ አነሣች፤ አሜሪካ ኩባን እንደማትወር ቃል ገባች፣ በቱርክ የተከለቻቸውን ሚሳይሎችም ለማንሣት በምሥጢር ተስማማች። እ.ኤ.አ. በ1963 በዋሽንግተንና በሞስኮ መካከል ቀጥታ የመገናኛ መስመር ተዘረጋ። ይህ ሁሉ ማርገብ ነው፤ ቀዝቃዛው ጦርነት ግን ከዚያም በኋላ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቀጥሏል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ሳልጨምር ማለፍ አልችልም። ገመዱን በድንገት የሚለቅ ሰው ባላጋራውን በጀርባው ይጥለዋል፤ የወደቀ ባላጋራም ይቆጣል እንጂ አያመሰግንም። ስለዚህ መላላቱ በጥቂት በጥቂቱ፣ በተራና ሌላው ወገን በዓይኑ ሊያረጋግጠው በሚችል መንገድ መሆን አለበት።

በተጨማሪም «ጋብ አለ» እና «ረገበ» ይለያያሉ። ተኩስ ጥይት በማለቁም ጋብ ሊል ይችላል፤ ማርገብ ግን ታስቦበት የሚደረግ ነው። («ግጭቱን ለማራገብ ተስማሙ» የሚል ጽሑፍም አጋጥሞኛል፤ በአንዲት ፊደል ስሕተት አስታራቂዎቹ እሳት አቀጣጣይ ሆነው አረፉ።)

ስያሜ ብቻውን ገመድ እንደማያላላ በሶርያ ታይቷል። ሩሲያ፣ ኢራንና ቱርክ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 በካዛኪስታን ዋና ከተማ አስታና ላይ አራት የውጥረት ማርገቢያ ቀጠናዎችን ለማቋቋም ፈረሙ፤ እስከ እ.ኤ.አ. 2018 አጋማሽ ድረስ ከአራቱ ሦስቱን የመንግሥት ጦር በማጥቃት መልሶ ያዛቸው። ወረቀቱ ላይ ግን አራቱም «ማርገቢያ» ተብለው ሰፍረዋል።