ቤኒያሚኖ ቡፋኖ፦ ልጆች የሚጋልቧቸው የድንጋይ እንስሳት

ቤኒያሚኖ ቡፋኖ ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ሳን ፌሌ በምትባል ከተማ የተወለደ ድንጋይ ቀራፂ ነው። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደና ኒው ዮርክ አደገ። ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1915 ከተማዋ ላዘጋጀችው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለመሥራት ነበር። ኋላ ኑሮውን እዚያው አደረገ፤ በ1970 ያረፈውም እዚያው ነው።

ስሙን ያስጠሩት እንስሳቱ ናቸው። ድብ ከነግልገሎቿ፣ ድመት፣ እንቁራሪት፣ ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ። ፀጉር ወይም ጥፍር ብትፈልግ አታገኝም። ግራናይት እልኸኛ ድንጋይ ነው። መሮ ቶሎ አይገባውም፤ ቀጭን ነገር ላውጣበት ካሉት ደግሞ ይሰበራል። ቡፋኖ ከድንጋዩ ጋር ግብግብ አልገጠመም። እግሩንም ጆሮውንም ወደ ገላ ሰብስቦ፣ ሁሉን አንድ ድቡልቡል አካል አድርጎ፣ እስኪያብረቀርቅ ይወለውለዋል። እንዲህም ሆኖ ድቧ ድብ መሆኗን ማንም አይስትም። ለእኔ ትልቁ ችሎታው ይሄ ነው።

ብዙዎቹን የጠረበው በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት፣ መንግሥት ሥራ ላጡ አርቲስቶች እየከፈለ በሚያሠራበት ጊዜ ነው። ታዲያ ሥራዎቹ የሀብታም ሳሎን አልገቡም። እንቁራሪቷና ሲሉ ባሕሩ ዳር አኳቲክ ፓርክ ቆሙ። ሌሎቹ ቫሌንሲያ ጋርደንስ በሚባለው ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በሚኖሩበት መንደር ግቢ ተቀመጡ፤ የሰፈሩ ልጆችም ሲጋልቧቸው አደጉ። የሚወጋ ነገር የላቸው፣ ማን ይከለክላቸዋል? መንደሩ ፈርሶ በ2000ዎቹ እንደ አዲስ ሲሠራም እንስሳቱ ታድሰው ተመልሰዋል።

ሰውዬው ወሬም አያጣም ነበር። አንደኛውን የዓለም ጦርነት ተቃውሞ ሌባ ጣቱን ቆርጦ ለፕሬዚዳንት ዊልሰን ላከ ይባላል። ጣቱ መጉደሉ እውነት ነው፤ የቆረጠው ግን የሥራ ላይ አደጋ ነው የሚሉ አሉ።

የእንስሳት ወዳጅ የሚባለውን የአሲሲውን ቅዱስ ፍራንሲስንም ደጋግሞ ቀርጿል። አንደኛው ትልቅ የግራናይት ሐውልት ፈረንሳይ ተሠርቶ ዓመታት መጋዘን ከቆየ በኋላ ነው ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰው፤ ዛሬ የወደብ ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ደጅ ቆሟል። ሌላው በ1968 የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ወንድም፣ ፖለቲከኛው ሮበርት ኬኔዲ ከተገደለ በኋላ ነዋሪዎች በፈቃዳቸው ካስረከቧቸው ጠመንጃዎች ቀልጦ የተሠራ ነው። ልብሱ ላይ የሊንከን፣ የማርቲን ሉተር ኪንግና የሁለቱ ኬኔዲዎች ፊት ይታያል።