የሚከራይ ቤት በሰሜን ሸዋ፦ ስለ ኢንሹራንሱና ስለ ወጪው የሚወራውና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካዎቹ ከመጡ ወዲህ ግቢው ውስጥ ክፍል ደርድሮ የሚያከራየው ሰው በዝቷል። ብሎኬቱንና ቆርቆሮውን እስከ ሳንቲሙ የሚያሰላው ባለቤት፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ስለሚመጣው ወጪ ሲጠየቅ ግን ሰፈር ውስጥ የሰማውን ነው የሚመልሰው።

«ባንኩ ኢንሹራንስ አስገብቶኛል፣ እኔን ምን ያሳስበኛል?»

ቤቱን አስይዞ የተበደረ ሰው አረቦኑን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ ከኪሱ ይከፍላል፤ ካሳ ሲመጣ ግን ቅድሚያ የባንኩ ነው። ለባለቤቱ የሚደርሰው ከዕዳው የተረፈው ነው። ብድሩ ተከፍሎ ካርታው ሲመለስ ደግሞ «አድስ» ብሎ የሚወተውት ስለማይኖር የኢንሹራንሱ ጊዜ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

«በሠራሁበት ዋጋ አስመዘግባለሁ፣ አረቦኑም ይቀንስልኛል»

ከሁሉ የሚጎዳው ይሄኛው ነው። በ3 ሚሊዮን ብር የቆመ ቤት ዛሬ መልሶ ለመሥራት 6 ሚሊዮን ይፈጃል እንበል። ባለቤቱ በ3 ሚሊዮን ኢንሹራንስ ገብቷል። ከተከራይ ማብሰያ የተነሳ እሳት ሁለት ክፍልና ጣሪያውን በላ፤ ጉዳቱ 1 ሚሊዮን ብር ሆነ። «ከ3 ሚሊዮን በታች ነው፣ ሙሉውን ያገኛል» የሚል ብዙ ነው። አያገኝም። ያስመዘገበው የቤቱን ግማሽ ስለሆነ የሚታሰብለትም የጉዳቱ ግማሽ፣ 500 ሺህ ብር ነው፤ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። የምንዛሬው ሥርዓት በሐምሌ 2016 ተለውጦ የግንባታ ዕቃ ከተወደደ በኋላ የቤቱን ግምት ሳይነካ ዓመት በዓመት የሚያድስ ሰው አረቦን ቆጥቦ ቤቱን እያጋለጠ ነው። በሽያጭ ዋጋ ማስመዝገብም አይበጅም፤ ቦታው አይቃጠልም፣ የኢንሹራንስ ድርጅቱም መልሶ ከመሥሪያው በላይ አይከፍልም።

«የእሳት ኢንሹራንስ ካለ ሁሉም ተሸፍኗል»

መሠረታዊው ፖሊሲ (የኢንሹራንስ ውሉ) በአብዛኛው እሳትንና መብረቅን ነው የሚይዘው። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው በጽሑፍ ይካተታሉ። እኛ አካባቢ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ በ1953 በመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፣ ካራ ቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች፣ የ2017ቱን የፈንታሌ ንዝረት ደግሞ ሁላችንም ቤታችን ውስጥ ሆነን አውቀነዋል። በግጭትና በጦርነት ለሚደርስ ቃጠሎም ተራው የእሳት ፖሊሲ አይደርስም፤ የፖለቲካ ነውጥና ሽብር ሽፋን ለብቻው ይገዛል። አጣዬ በ2013 ያየችውን የሚያስታውስ ሰው ይህን አንቀጽ ሳያነብ ባይፈርም ጥሩ ነው።

«የተከራይ ዕቃም በእኔው ይያዛል»

አይያዝም። የባለቤቱ ፖሊሲ ለሕንፃው ነው፤ ተከራይ ለአልጋውና ለቴሌቪዥኑ የራሱን ይገባል።

«ማን እንደተከራየው ኢንሹራንሱን አያገባውም»

በደንብ ያገባዋል። ለመኖሪያ ተብሎ የተከራየ ክፍል ውስጥ አረቄ ማውጣት ቢጀመር፣ ወይም በጀሪካን ቤንዚን ቢቀመጥ፣ አደጋው ስለጨመረ ባለቤቱ ማሳወቅ አለበት። ዝም ብሎ ከተገኘ የካሳ ጥያቄው ያከራክራል። ለረጅም ጊዜ ባዶ የሚቆም ቤትም እንዲሁ ይነገራል።

«ኪራይ ተኝቶ የሚገባ ትርፍ ነው»

ተማሪ ክረምት ሲወጣ ክፍሉ ባዶ ነው። የደላላ አለ፣ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና አለ፣ ከክረምት በፊት አሸንዳና ቆርቆሮ ማየት አለ፣ በሊዝ ለያዘ ደግሞ የዓመቱ ክፍያ አለ። በዚህ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር። የንብረት ታክስ አዋጅም በ2017 ጸድቋል፤ «የጣሪያና ግድግዳ» የምንለው የቤት ግብር ድሮ እንደምናውቀው እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ይቀጥላል ብሎ ማስላት አያዋጣም። እንዲያውም እነዚህን ሁሉ የሚያወራርደው ባለቤት ከአረቦኑም የሚጠቀምበት አለው፦ የኪራይ ገቢ ግብሩን በሒሳብ መዝገብ የሚያቀርብ ከሆነ አረቦኑ፣ የጥገናው ወጪና የባንክ ወለዱ ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢው ሊቀነሱለት ይችላሉ። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ የቆርቆሮ ሠራተኛው በእጁ ተቀብሎት የሄደው ብር አይቆጠርም።