እባብ ያየ በልጥ በረየ

ልጥ ከዛፍ የሚላጥ ቅርፊት ነው። ምስማር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የቤቱ ማገር የሚታሰረው በእሱ ነበር። ከሥራ የተረፈው ልጥ ሣር ውስጥ ተጠማዞ ሲወድቅ፣ በተለይ እንደ ጅማ ዝናብ በሚወድ አገር ረጥቦ ሲያብለጨልጭ፣ አመሻሽ ላይ ላየው ሰው እባብ ነው። አባባሉ ከዚሁ የገጠር ኑሮ የወጣ ነው። አንዴ ክፉ የደረሰበት ሰው ያንን የሚመስለውን ሁሉ ይሸሻል። አንድ ደላላ የበላው ሰው ደላላ በሙሉ ሌባ ይመስለዋል። አይፈረድበትም።

እኔ ግን ተረቱን አብዝቼ የምወደው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሎጂክ ሲያስጨንቃቸው ነው። የሸሸውን ሰው ሐሳብ እንዘርዝረው፦

እባብ ሁሉ ቀጭንና ረጅም ነው።
ልጥ ሁሉ ቀጭንና ረጅም ነው።
ስለዚህ ልጥ ሁሉ እባብ ነው።

መነሻዎቹ እውነት፣ መደምደሚያው ውሸት። እንዲህ ሊሆን የሚችል ክርክር ቫሊድ አይደለም፤ ማለትም መደምደሚያው ከመነሻዎቹ የግድ አይከተልም። ጉዱ ያለው ሁለቱን መነሻዎች በሚያገናኘው ቃል፣ በ"ቀጭንና ረጅም" ላይ ነው። ስለ ቀጭንና ረጅም ነገሮች ሁሉ የተናገረ መነሻ የለም። አገናኙ ቃል ደግሞ ቢያንስ በአንዱ መነሻ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መጠቅለል፣ ማለትም የሚሸፍናቸውን ነገሮች ሁሉ ይዞ መነገር አለበት።

እንግሊዛዊው የሎጂክ ሊቅ ጆን ቬን በ1880 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዘዴ ሦስት የተጠላለፉ ክቦች ሣሉ፦ አንዱ ለእባብ፣ አንዱ ለልጥ፣ አንዱ ለ"ቀጭንና ረጅም"። የጠቆረ ቦታ "እዚህ ምንም የለም" ማለት ነው። ከ"ቀጭንና ረጅም" ክብ ውጭ የቀረውን የእባብ ክፍል አጥቁሩት፤ የልጡንም እንዲሁ። ከ"ቀጭንና ረጅም" ውስጥ ሆኖ ከእባብ ውጭ ያለው የልጥ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መደምደሚያው እንዲጸና እሱም መጥቆር ነበረበት።

ጅማ ላይ ነገሩ ቶሎ የሚገባው በቡና ነው። የጅማ ቡና ሁሉ አረቢካ ነው፤ ይህ ቡና አረቢካ ነው፤ ስለዚህ የጅማ ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ይወድቃል። የያዘው ቡና እውነትም የጅማ ስለሆነ "ቫሊድ ነው" ይላል። ቅርጹ ግን ያው የልጡ ነው። የሐረሩም የይርጋጨፌውም አረቢካ ነው።

የመጀመሪያውን መነሻ ገልብጠን "አረቢካ ሁሉ የጅማ ነው" ብንልስ? አሁን ቅርጹ ቫሊድ ሆነ፤ መነሻው ግን ውሸት ነው። ፈተናው "ቫሊድ ነው ወይ?" ካለ መልሱ አዎ ነው። "ሳውንድ ነው ወይ?" (ቫሊድ ሆኖ መነሻዎቹም እውነት ናቸው ወይ?) ካለ አይደለም።