ሽማግሌው ያለ ዲግሪ ያስተምር? ሀገር በቀል እውቀት በዩኒቨርሲቲ

ነገሩ በሁለት ስም ይጠራል። አንዱ ሀገር በቀል እውቀትን ወደ ዩኒቨርሲቲ ማስገባት ነው። ሌላው ዩኒቨርሲቲን ከቅኝ ግዛት ማላቀቅ። ብዙ ሰው አንድ ያደርጋቸዋል፤ አንድ ግን አይደሉም። የመጀመሪያው አንድ ኮርስ ተጨምሮ ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛው ማን ያስተምራል፣ በምን ቋንቋ፣ ፈተናውን ማን ያርማል፣ እውቀቱስ የማን ንብረት ነው ብሎ ይጠይቃል። ጠቡ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ሀገር በቀል እውቀት የሚባለው በአንድ ቦታ ለብዙ ትውልድ የኖረ ሕዝብ ስለ መሬቱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ዕፅዋቱ፣ ስለ ሕመምና ስለ ዳኝነት ያካበተው ነው። አብዛኛው አልተጻፈም። በዘፈን፣ በሥርዓትና በሥራ ላይ ነው የሚተላለፈው።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1976 ሆኩሌአ የተባለች ባለ ሸራ ታንኳ ከሃዋይ ተነስታ አንድ ወር ገደማ ተጉዛ ታሂቲ ገባች። የመራት ማው ፒያይሉግ ነው። ኮምፓስ አልያዘም፤ ካርታም አልያዘም። ኮከቡን፣ ማዕበሉንና ወፎቹን እያየ ነው ያደረሳት። ከዚያ በፊት አንዳንድ ምሁራን የፓስፊክ ሰዎች ደሴቶቻቸውን ያገኙት ነፋስ ገፍቷቸው በአጋጣሚ ነው ይሉ ነበር። ደግሞም ማው የሃዋይ ሰው አልነበረም። በማይክሮኔዥያ ካለች ሳታዋል ከምትባል ትንሽ ደሴት ነው የመጣው። ሃዋይ ውስጥ ጥበቡ ጠፍቶ ስለነበር መምህር ከሩቅ መፈለግ ግድ ሆነ። ዛሬ ይኸው ጥበብ እዚያው ሃዋይ በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

እንዲህ ያለ እውቀት ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ውጭ የቀረው ተረስቶ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። የካናዳን የ1876 ሕግ እንይ። ከነባር ሕዝቦች ወገን የሆነ ሰው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ካገኘ በሕግ ፊት የነባር ሕዝብ አባልነቱ ያበቃ ነበር። ተማርክ ማለት ከወገንህ ወጣህ ማለት ነው። ሕጉ ኋላ ተሻሻለ፤ መንፈሱ ግን ረጅም ዕድሜ ኖሯል።

በአፍሪካ ጥያቄው ጎልቶ የተነሳው በ1968 ናይሮቢ ላይ ነው። ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ሄንሪ ኦዉር አኒዩምባ የዩኒቨርሲቲው የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይቅር የሚል ጽሑፍ አቀረቡ። ሼክስፒር ይባረር ማለታቸው አልነበረም። ነገሩ የመነሻ ጉዳይ ነው። ተማሪው ከለንደን ተነስቶ ዞሮ ዞሮ ወደ ራሱ ከሚደርስ፣ ከራሱ ተነስቶ ወደ ዓለም ይሂድ ነው ያሉት። በቃል የሚተላለፈው ሥነ ጽሑፍም በመደበኛ ትምህርትነት ይግባ አሉ። ክፍሉ በኋላ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ሆነ።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የናቫሆ ሕዝብ የራሱን ኮሌጅ ከፈተ። ዛሬ ዲኔ ኮሌጅ ይባላል። በካናዳ በ1976፣ በኒውዚላንድ ማኦሪዎች ዘንድ በ1981፣ በሰሜን ኖርዌይ ሳሚዎች ዘንድ በ1989 ተመሳሳይ ተቋማት ተቋቋሙ። የሳሚው በካውቶኬይኖ ነው፤ ትምህርቱ በሳሚ ቋንቋ ሲሆን የአጋዘን እርባታም የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ ነው። በእኔ ግምት ትልቁን ለውጥ ያመጡት እነዚህ ናቸው። በሰው ቤት አንድ ወንበር ከመለመን የራስን ቤት ሠሩ።

ሁሉም ግን የራሱን ቤት አይሠራም። በካናዳው ኬፕ ብሬተን ዩኒቨርሲቲ ሚክማቅ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የሆኑት ሽማግሌ አልበርት ማርሻል ከባለቤታቸው ከሙርዲና ጋር በሁለት ዓይን ማየት የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ። በአንዱ ዓይን የሀገር በቀሉን እውቀት ጥንካሬ፣ በሌላው የምዕራቡን ሳይንስ ጥንካሬ ማየት፣ ከዚያ ሁለቱን አብሮ መጠቀም ማለት ነው። ቃሉ አምሮ ስለሚሰማ በየስብሰባው ይጠቀሳል። አንዳንዴም የሚክማቆቹ ነገር ተረስቶ መፈክሩ ብቻ ይቀራል።

2015 የተለየ ዓመት ነበር። ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በመጋቢት በእንግሊዛዊው ቅኝ ገዢ በሴሲል ሮድስ ሐውልት ላይ ተቃውሞ ተነሳ፤ ሚያዝያ 9 ቀን ሐውልቱ ከቦታው ተወሰደ። በካናዳ ደግሞ በነባር ሕዝቦች ላይ የተፈጸመውን በደል ያጣራው የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን 94 የተግባር ጥሪዎችን አወጣ። በ2016 ዊኒፔግና ሌክሄድ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ስለ ነባር ሕዝቦች ቢያንስ አንድ ኮርስ እንዲወስድ ማስገደድ ጀመሩ።

ተቃውሞውስ? ሁለት ዓይነት ነው፤ ከሁለት አቅጣጫም ይመጣል። በ2021 ሰባት የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች የማኦሪ እውቀት ጠቃሚ ቢሆንም ሳይንስ አይደለም ብለው ጻፉ። ሀገሩ ተናወጠ። በሌላ በኩል ምሁራኑ ኢቭ ተክና ዌይን ያንግ በ2012 ቅኝ ግዛትን ማስወገድ ማለት መሬትን መመለስ ነው፣ ቃሉን የካሪኩለም ማሻሻያ ማሳመሪያ አታድርጉት ሲሉ ተከራክረዋል። እኔ የሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። የመጀመሪያው ክርክር ቢያንስ ፊት ለፊት ነው። ስሙን ለጥፎ ምንም አለመቀየር ግን ማንም ሳያየው ያልፋል።

የባለቤትነቱ ጉዳይ ደግሞ ገንዘብ ያለበት ነው። የደቡብ አፍሪካ ሳን ሕዝቦች አደን ሲወጡ ረሃብና ጥማት ለመቻል ሁዲያ የሚባል ተክል ያኝኩ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የሀገሪቱ የምርምር ተቋም ከተክሉ ባገኘው ንጥረ ነገር ላይ የፈጠራ መብት ጠየቀ። ሳኖቹን የጠየቀ አልነበረም። ጥቅም የመካፈል ስምምነት የተፈረመው በ2003 ነው። በ2017 ሳኖቹ ለተመራማሪዎች የራሳቸውን የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። መሪያቸው አንድሪስ ስቴንካምፕ ተመራማሪዎቹን ሲለምኑ የነበረው በመስኮት ሳይሆን በበር ግቡ እያሉ ነው።

ቀሪው የቢሮ ጣጣ ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ ጋብዞ ለማስተማር ሲሞከር የፋይናንስ ክፍሉ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃል። ጥራት የሚመዝነው አካል የታተመ ጥናት ይቆጥራል። በኢኳዶር አማውታይ ዋሲ የሚባለው የነባር ሕዝቦች ዩኒቨርሲቲ በ2013 የተዘጋው የመንግሥትን የጥራት መስፈርት አላሟላም ተብሎ ነው። ሚዛኑ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ተቋም ነው ብለው የተቆጡም ነበሩ።

ጊዜም ይጋጫል። በሰሜን አሜሪካ ብዙ ነባር ሕዝቦች ዘንድ አንዳንድ ታሪኮች የሚነገሩት በረዶ በወደቀበት ወራት ብቻ ነው። ትምህርቱ ግን በመስከረም ይጀምራል። እንዲህ ያለ ኮርስ የሚያዘጋጅ መምህር ታሪኩን በመጀመሪያው ሳምንት ማስገባት አይችልም። ወይ በረዶውን ይጠብቃል፣ ወይ ሬጅስትራሩ ቀኑን ያዛውርለታል።