«ዓይን ክብ ነው» አትበሉኝ

ሰኔ በመጣ ቁጥር ሰውን በዓይኑ ስለሚለይ ማሽን የተሠሩ የመመረቂያ ፕሮጀክቶችን እገመግማለሁ። አንድ ስላይድ ግን አይቀርልኝም። የዓይን ፎቶ አለ። ላዩ ላይ በኮምፓስ የተሳሉ የሚመስሉ ሁለት ክቦች አሉ፤ አንዱ በጥቁሩ ቀዳዳ ዙሪያ፣ ሌላው ነጩ በሚጀምርበት። «አይሪሱን ለይተነዋል፣ ትክክለኛነቱ 99 በመቶ ነው» ይሉኛል። እኔም ሁሌ ያንኑ እጠይቃለሁ፦ «በማን ዓይን?»

እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ጥቃቅኑን የተሳሳቱ አባባሎች ላራግፍ።

«የዓይን አሻራ የሚነሳው ከሬቲና ነው።» ሬቲና ያለው ከዓይን ኳስ ጀርባ ነው። ለፋይዳ ስትመዘገቡ የተነሳችሁት አይሪስ ነው፣ በጥቁሩ ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ባለቀለም ቀለበት። (ሁሉንም «ብሌን» ማለታችንም አላገዘንም፤ የዓይን ባንክ ብሌን ለግሱ ሲል ኮርኒያን፣ ከዓይን ፊት ያለውን ግልጽ ሽፋን ነው። ስለዚህ ጥቁሩን ቀዳዳ ፒዩፒል እላለሁ፣ ይቅር በሉኝ።)

«የእኛ ጥቁር ዓይን ማሽኑን ያስቸግራል።» በተራ ካሜራ ቢሆን፣ አዎ። ይሄኛው የሚሠራው ግን በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። የዓይን ቀለም ይህን ብርሃን ብዙም ስለማይውጠው የአይሪሱ ጥልፍልፍ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

«ሁለቱ ክቦች መሃላቸው አንድ ነው።» አይደለም። ፒዩፒል አብዛኛውን ጊዜ ወደ አፍንጫ ሸሸት ያለ ነው።

አሁን ወደ ክቡ። ነገሩ ከሜዳ አልመጣም። የካምብሪጁ ጆን ዶግማን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ሥራው አይሪስን የፈለገው በክብ ነበር። ዘዴው ያምራል። ክቡን ታሰፉታላችሁ፣ መሃሉን ወዲያ ወዲህ ታደርጋላችሁ፤ በመስመሩ ላይ ያለው አማካይ ብሩህነት ድንገት የሚዘልበት ቦታ ጠርዙ ነው። ተማሪዎቼ እዚህ ሲደርሱ ማንበብ ያቆማሉ። ሰውየው ራሱ በ2007 ተመልሶ ክቡን እንደተወው ማንም አይነግረኝም።

በምን ተካው? በፉሪዬ፣ ማለትም ሞገዶችን ደምሮ ቅርጽን በሚገልጽ ስሌት። ከፒዩፒሉ መሃል ተነስታችሁ በየአቅጣጫው እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት ለኩ። ክብ ቢሆን ርቀቱ ሁሉ እኩል ስለሆነ በግራፍ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣችኋል። የእውነተኛ ሰው ፒዩፒል ግን አንድ ጋ ጠፍጠፍ፣ አንድ ጋ አበጥ ይላል። ያንን ከፍ ዝቅ የሳይንና የኮሳይን ድምር አድርጋችሁ ትጽፉታላችሁ። የድምሩ የመጀመሪያ አባል አማካዩ ራዲየስ ነው። እዚያ ላይ ካቆማችሁ ክብ አገኛችሁ።

ይህን ስነግራቸው ደግሞ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሮጣሉ፦ «እንግዲያው 100 አባል እናድርገው!» እንዲህ ያለ መስመር እያንዳንዱን የሽፋሽፍት ጥላ እየተከተለ እንደ ቃሪያ ይጣመማል። ዶግማን ለፒዩፒል 17፣ ለውጩ ዳር 5 ኮኤፊሸንት (ለየአባሉ አንድ) ይበቃል ይላል። የውጩ ለምን አነሰ? ደብዛዛ ነዋ! ላይና ታቹንም የዓይን ቆብ ይሸፍነዋል። ጥቂት አባል ያለው መስመር በተሸፈነው በኩል ረጋ ብሎ ያልፋል።

«ትንሽ ብንስትም ማመሳሰያው (ሁለት ዓይኖችን የሚያነጻጽረው ክፍል) ያስተካክለዋል» የሚሉም አሉ። በምን ተአምር? ጠርዙ ከተለየ በኋላ ቀለበቱ እንደ ላስቲክ ተዘርግቶ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ የውስጡ ዳር 0፣ የውጩ 1። ከዚያ ወደ 2,048 ቢት፣ ማለትም የ0ና የ1 ኮድ ይቀየራል። ጠርዙን በጥቂት ፒክስል ከሳታችሁ በዚያ በኩል ያለው ጥልፍልፍ ሁሉ ይንሸራተታል፣ ቢቶቹም ይገለበጣሉ። የሁለት የተለያዩ ሰዎች ኮድ በግማሽ ገደማ ቢቶቹ ይለያያል። የእናንተው የትናንትና የዛሬ ኮድ ወደዚያ በተጠጋ ቁጥር ማሽኑ «አላውቅህም» ይላችኋል።

ታዲያ 99 በመቶው ከየት መጣ? ልጆቹ የሚሠሩት ካሲያ በሚባለው የቻይና የምስል ስብስብ የመጀመሪያ እትም ላይ ነው። 756 ፎቶ አለው። አዘጋጆቹ የመብራቱን ነጸብራቅ ለመደበቅ ፒዩፒሉን በወጥ ጥቁር ክብ ተክተውታል፤ ይህንንም ራሳቸው ተናግረዋል። ልጆቻችን ሰው የሳለውን ክብ ፈልገው አገኙ። ጎበዝ!

አምና አንዱን ተማሪ የላቦራቶሪውን ኢንፍራሬድ ካሜራ ሰጥቼ «የራስህን ዓይን አንሳና ሞክር» አልኩት። በሁለተኛው ቀን ላፕቶፑን ይዞ መጣ። በክቡ ተጠቅሞ የዘረጋው ምስል የላይኛው ጫፉ (የፒዩፒሉ ወገን) ቀጥ ማለት ሲገባው ጥቁር ሞገድ ሠርቷል፤ ፒዩፒሉ አይሪሱ ውስጥ ገብቶበታል ማለት ነው። (እናንተም ሪፖርት ከመጻፋችሁ በፊት መጀመሪያ ይህን ጫፍ እዩ፣ ከየትኛውም በመቶኛ ይበልጣል።)

«መምህር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔ ዓይን ችግር አለበት እንዴ? ሐኪም ልታይ?»

ወደ ካሜራው ጠጋ አልኩና «የኔን አንሳው» አልኩት። የኔው ባሰ።