ባይቶችን እንደ ባለብዙ ልኬት አሬይ ማንበብ ምንድን ነው?

ሜሞሪ ውስጥ ሠንጠረዥ የሚባል ነገር የለም። ረድፍም አምድም የለም። ያለው አንድ ረጅም የባይት ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ባይትም የራሱ አድራሻ አለው። ማትሪክስ ወይም ባለብዙ ልኬት አሬይ (በረድፍና በአምድ የተደረደሩ ቁጥሮች) የምንለው ነገር የሚፈጠረው እኛ በምናነብበት ስሌት ነው።

ከፋይል ወይም ከኔትወርክ 24 ባይት መጣልን እንበል። እንደ ባለ 32 ቢት ኢንቲጀር (4 ባይት የሚይዝ ሙሉ ቁጥር) ካነበብነው 6 ቁጥር ይወጣዋል። እነዚህን 2 ረድፍ በ3 አምድ ማለት እንችላለን፤ 3 በ2 ማለትም እንችላለን። ባይቶቹ ንቅንቅ አይሉም። የሚቀየረው ቀመሩ ብቻ ነው።

በ2 በ3 እንሂድ፤ የምንቆጥረው ከ0 ነው። የአንድን ቁጥር ቦታ ለማግኘት ረድፉን በ12፣ አምዱን በ4 አባዝተን እንደምራለን። ረድፍ 1፣ አምድ 2 ላይ ያለው ቁጥር ከ20ኛው ባይት ይጀምራል ማለት ነው። አንድ ቁጥር 4 ባይት ነው፤ አንድ ረድፍ ደግሞ 3 ቁጥር ስለሚይዝ 12 ባይት ይሆናል። እነዚህ መዝለያዎች ስትራይድ ይባላሉ።

ደስ የሚለው ነገር እዚህ ጋ ነው። 12ንና 4ን ቦታ ብናቀያይራቸው ማትሪክሱ ይገለበጣል፤ ረድፉ አምድ፣ አምዱ ረድፍ ይሆናል። አንድም ባይት ከቦታው ሳይነቃነቅ! ናምፓይ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ትራንስፖዝን (ይህን መገልበጥ) በቅጽበት የሚጨርሰው በዚህ ዘዴ ነው። የረድፉን ስትራይድ 0 ካደረግነው ደግሞ አንድ ረድፍ ሺህ ረድፍ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ትራንስፖዝን ከሪሼፕ (ቁጥሮቹን በዚያው ተርታ በሌላ ቅርጽ ማንበብ) ጋር አናምታታ። ሁለቱም 3 በ2 ይሰጡናል፤ የሪሼፑ ስትራይድ ግን 8 እና 4 ነው፣ የትራንስፖዙ 4 እና 12። ቁጥሮቹ የሚቀመጡበት ቦታ ይለያያል።

ከፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ሲ ረድፍ በረድፍ ያስቀምጣል፣ ፎርትራን አምድ በአምድ። ከ1 እስከ 6 በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮችን 2 በ3 ብለን ብናነብ፣ በሲ የመጀመሪያው ረድፍ 1፣ 2፣ 3 ነው። በፎርትራን 1፣ 3፣ 5 ይሆናል። ኤረር የሚባል ነገር አይመጣም፤ መልሱ ዝም ብሎ ይሳሳታል። እንዲህ ዓይነት ስህተት ፕሮግራሙን ከሚያቆም ስህተት ይብሳል ባይ ነኝ።

የረድፍ ስትራይድ ሁልጊዜ የስፋት ብዜት ነው ብሎ መገመትም ያስቸግራል። ለምሳሌ በቢኤምፒ የምስል ፋይል የእያንዳንዱ ረድፍ ርዝመት የ4 ብዜት መሆን አለበት። ስፋቱ 5 ፒክስል የሆነ ባለ 24 ቢት ምስል በረድፍ 15 ባይት ቢበቃውም 16 ይይዛል። ያቺን ትርፍ ባይት የረሳ ኮድ ምስሉን አጣምሞ ያሳያል።

ቀጥሎ የባይት ቅደም ተከተል አለ። 1፣ 0፣ 0፣ 0 የሚሉ አራት ባይቶች በሊትል ኢንዲያን (ትንሹን ባይት በሚያስቀድመው) 1 ናቸው፤ በቢግ ኢንዲያን (ትልቁን በሚያስቀድመው) 16,777,216።

በሲ ብዙ ሰው የሚያደርገው የባይት ፖይንተሩን (አድራሻ የሚይዘውን) ወደ ኢንት ፖይንተር ካስት ማድረግ፣ ማለትም ያንኑ አድራሻ የኢንቲጀር ነው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ችግሩም ይሄው ነው። አድራሻው የ4 ብዜት ካልሆነ አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ጥያቄውን አይቀበሉም። ከዚያም በላይ የቋንቋው ሕግ አንድን ቦታ በማይዛመድ ዓይነት ማንበብን ስለሚከለክል፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው) በሕጉ ተማምኖ ኮዱን ያልጠበቅነው ቦታ ሊወስደው ይችላል። ባይቶቹን ወደ ኢንቲጀሩ የሚቀዳውን የሲ ፋንክሽን፣ ሜምኮፒን፣ መጠቀም ይሻላል። ለትንንሽ መጠኖች ዘመናዊ ኮምፓይለሮች ቅጂውን ራሱን ያስቀሩታል፤ ስለዚህ የፍጥነት ሰበብ እምብዛም አያዋጣም። ረስት በተባለው ቋንቋ ባይትመክ (bytemuck) የሚሉት ላይብረሪ መጠኑንና አድራሻውን ፈትሾ ነው የሚያሳልፈው። በሲ++23 (የሲ++ ቋንቋ እትም) የመጣው ኤምዲስፓን ደግሞ ቅርጹንና ስትራይዱን ከዳታው ለይቶ ይይዛል፤ ባይቶቹን ወደ ቁጥር መለወጡ ግን አሁንም የኛ ሥራ ነው።

ቅርጹ ከፋይሉ የሚነበብ ከሆነ ደግሞ መጠኑን ሳያረጋግጡ አንድም ቁጥር ማንበብ አይገባም። ፋይሉ 65,536 በ65,536 ቢል ብዜቱ በባለ 32 ቢት ቁጥር ስለማይያዝ 0 ሆኖ ይቀራል። «የሚያስፈልገው 0 ባይት ነው፣ በቂ አለ» ብሎ ፍተሻው ያልፋል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለት ሜሞሪ ውስጥ ዘው ይላል። ብዜቱን በ64 ቢት መሥራት፣ ወይም ከማባዛት በፊት በማካፈል መፈተሽ ነው።